ቀለም የተቀባ ብሎን

ሰኞ ማታ ሾሙኝ።
አንድ ዘለላ ቁልፍ፣ አንድ ቀይ እስክሪብቶ፣
ያረፈደ ስም የሚሰፍርበት ደብተር ሰጡኝ።
«ጦይባ፣ ከዛሬ ጀምሮ የፈረቃው ሹም ነሽ» አሉኝ።
ቁልፉ ከኪሴ ከብዶ ወደ ግራ አዘመመኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከአሥራ አራተኛው ማሽን ፊት ቆሜ፣
ክር ስቀጥል ኖሬ፣
ዛሬ በመሀል መንገዱ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ
ስሄድ፣ ጥላዬን ግድግዳው ላይ አየሁና ደነገጥሁ፤
የአራጋውን አረማመድ ከየት አመጣሁ?

አራጋው ደብተር እንጂ ሰው አያነብም ነበር።
ቦርከና ሞልቶ መሻገሪያውን የዋጠው ለታ፣
ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን፣ ጭቃው እስከ ጉልበት፣
አሥራ አንድ ሆነን ስንደርስ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፣
ቀና አላለም። አሥራ አንድ ስም ጻፈ፤
ሰዓቱን አየ፣ እስክሪብቶውን ከደነ፣ አለፈ።
«አሥራ ሁለተኛዋስ?» አላለም።
ዘሀራ ማዶ ቀርታ
ዋርካ ላይ ነበረች፣ ሰማይ እስኪፈታ።

ደግሞ እንግዳ ሊመጣ ነው የተባለ ጊዜ
ማሽኑን ሁሉ አረንጓዴ አስቀባ፣
የሚሠራውን፣ የቆመውን፣
የዘጠነኛውን የዛገ ብሎን እንኳ ሳያስቀር።
እንግዳው አጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ተመለሰ።
በማግስቱ መካኒኩ ሽበሺ በመፍቻ ታገለ፤
ላቡን ጠርጎ «ይሄ ብሎን አይደለም፣ ሐውልት ነው» አለ።

ግን እውነቱን ልናገር። አባቴ የሞተ ቀን
ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው፣ ጀናዛውን
ከሐረጎ ግርጌ እስከ መቃብሩ ትከሻ ሳይቀይር
የተሸከመው እሱ ነበር።
ሰው መጥላት ቢቀልልኝ ይሄ ግጥም ያጥር ነበር።

ይመር ሙሄ ከእሱ በኋላ መጣ።
መዳፉን ከማሽኑ ጎን ያሳርፋል፣
ዐይኑን ይጨፍናል፣ ትርታ ይሰማል።
ክር ሲበጠስ «ማን በጠሰው?» አይልም።
«ምን ሰማሽ?» ይላል።
ተጠይቄ ስለማላውቅ በመጀመሪያው ቀን ዝም አልሁ፤
በሳምንቱ ግን ይብቃሽ እስኪለኝ አወራሁ።

አንድ ሌሊት በገዛ እጁ አጥብቆ
ስልሳ ሜትር አቡጀዴ አበላሸ።
ጠዋት ስብሰባው ላይ፣ ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣
ይመር ብድግ አለና «እኔ ነኝ» አለ።
እርስ በርስ ተያየን።
የተበላሸ ጨርቅ ማሽን ሥር መሸጎጥ
ከዚያ ቀን ወዲህ ቀረ። ማንም አልከለከለን።

ቢሆንም፣
የትርፍ ሰዓታችን ክፍያ ሦስት ወር ሲዘገይ
«አብሽሩ» ይለን ነበር እንጂ፣
ላይ ቤት ወጥቶ ጠረጴዛ አልደበደበም።
አብሽሩ ጥሩ ቃል ናት፤ ጤፍ ግን አትገዛም።

እነሆ በመጀመሪያ ሌሊቴ
ወለላ ሃምሳ ደቂቃ አርፍዳ ገባች።
ሻሿ ተፈትቷል። ልጇን ትኩሳት ይዞታል። ከዐይኔ ሸሸች።
እጄ፣ እምላለሁ እኔ አላዘዝሁትም፣
የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለ፤
«ወ» ብሎ ጻፈ።
እዚያ ላይ ያዝሁት።
ሻሿን እስክታስር ማሽኗ ፊት ቆምሁላት፤
ለጎረቤቷ ደውላ የልጇን ትኩሳት እስክትጠይቅ ክሯን ቀጠልሁላት።
ነገም ብታረፍድስ? ከነገ ወዲያስ?
አላውቅም።
«ወ» ደብተሩ ላይ ብቻዋን ቆማለች፤
ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቀኝ ምን እንደምል
እሷም እንደኔ ትጠብቃለች።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ዘጠነኛው ማሽን ሄድሁ።
ከዘለላው ትንሿን ቁልፍ መረጥሁ፣
የብሎኑን ቀለም መፋቅ ጀመርሁ።
አረንጓዴው እየረገፈ ዝገቱ ብቅ ሲል
ሽበሺ ከሩቅ አየኝ።
ዘይት ይዞ መጣ። ምንም አላለኝ።